ከአሥራ አንዱ ኋላ ያሉት

የቀድሞ ተጫዋች ወደ ክለቡ ሲመለስ ለደጋፊው ሠርግ ነው። ፊርማው ሳይደርቅ የድሮ ግቦቹ ይቆጠራሉ፣ ያረጀው ማሊያ ከሣጥን ይወጣል። እኔም ኳስ ወዳድ ነኝና ደስታው ይገባኛል። ግን የአገራችንን የእግር ኳስ ታሪክ ሳገላብጥ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ ይላል፦ የተመለሰው ሰው ቡድኑን አጠናከረው ወይስ ጉድለቱን ሸፈነለት? ይህን በመገናኛ በዓላችን መጽሐፍ ላይ ማንሳቴ ያለ ነገር አይደለም። ገሚሶቻችን ውጭ አገር፣ ገሚሶቻችን አዲስ አበባ፣ ጥቂቶቻችን ገጠር ነን፤ በተገናኘን ቁጥርም «ተመልሰን ምን እንሥራ?» እንባባላለን። መልሱን ለመፈለግ ኳስ ሜዳው መጥፎ ቦታ አይደለም።

ከጥንቱ ልነሳ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ አጥቂዎቹ ደግሞ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙ ጊዜ የማይነሳው ግን ያ ውድድር የአራት ቡድኖች እንደነበረ ነው። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያነሳችው በሁለት ጨዋታ ነው፤ መጀመሪያ ቱኒዝያን 4 ለ 2፣ ቀጥሎ ግብፅን 4 ለ 2። የእነዚያን ጀግኖች ክብር ለመቀነስ አይደለም የምለው። አሥራ አንድ ጎበዝ ሰዎች ለሁለት ጨዋታ ይበቃሉ ለማለት ነው። እኛም እንደ ሕዝብ ቡድንን በአሥራ አንድ ስም መቁጠር የለመድነው ያኔ ይመስለኛል።

ኋላ ግን ጨዋታው ራሱ ተለወጠ። የዓለም ዋንጫ ቅያሪን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ነው። በ1995 ሦስት ሰው መቀየር ተፈቀደ፤ በኮሮና ዘመን አምስት ሆነ፣ በ2022 ደግሞ ቋሚ ሕግ ሆኖ ቀረ። ውድድሮቹም ረዘሙ። ስለዚህ ዛሬ ቡድን ማለት ሜዳ ውስጥ የምናያቸው ብቻ አይደሉም፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጡትና ከነጭራሹ ከዝርዝር ውጭ ሆነው ልምምድ የሚሠሩትም ናቸው። የስፖርት ጋዜጠኞች «የስብስብ ጥልቀት» የሚሉት ይህንን ነው።

ጥልቀት ሲጎድል ምን እንደሚመስል በ2005 ዓ.ም. አየን። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በሰውነት ቢሻው አሠልጣኝነት ነው። ሱዳን ሜዳዋ ላይ 5 ለ 3 ብታሸንፈንም፣ ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ግቦች 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከሜዳ ውጭ ባገባናቸው ግቦች አለፍን። የመጀመሪያው ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከዛምቢያ ጋር የተደረገው ጥር 13 ነው፤ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ በ51ኛ ዓመቱ። እኔ ጥምቀትን ከቤተሰቤ ጋር ለማሳለፍ ብልባላ ነበርኩ። ብልባላን ለማታውቁ፣ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላስታ መንደር ናት። ዲሽ ያለበት አንድ ሻይ ቤት ታጭቀን አየን፤ ገና ከታቦት ሽኝት የተመለሱ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎችም ነበሩበት።

ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሲስት ቤቱ ጸጥ አለ። በ35ኛው ደቂቃ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዘሪሁን ታደለ ገባ። በአሥር ሰው ተጫውተን፣ ግብም ተቆጥሮብን፣ አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን የሻይ ቤቱ ባለቤት ስንት ብርጭቆ እንደተሰበረበት አላውቅም። አንድ ለአንድ ወጣን። ጥር 17 በዘሪሁን ግብ ጠባቂነት ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ረታችን። ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ከናይጄሪያ ጋር ሦስተኛው ግብ ጠባቂ ሲሳይ ባንጫ ተሰለፈ። እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ባዶ ለባዶ ነበርን። ከዚያ ቪክተር ሞሰስ በፍፁም ቅጣት ምት አገባ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሲሳይ በቀይ ወጣ። ሦስቱም ቅያሪዎች አልቀው ነበርና አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ግብ ጠባቂ ሆነ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ። ሞሰስ ሁለተኛውን አገባ፤ ወደ ቤት ተመለስን።

በሦስት ጨዋታ ሦስት ግብ ጠባቂ፣ መጨረሻ ላይ አራተኛ ሰው! ዕድል ነው የሚሉ አሉ፤ ቀይ ካርድ ለማንም ይመጣል። እኔ ግን የማየው ከዚያ በፊት የነበረውን ነው። በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱን ትልቅ ክለብ የቅዱስ ጊዮርጊስን ግብ ይጠብቅ የነበረው ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ነው። ጎበዝ ነበር፣ ክለቡም ጥፋት የለበትም። ነገር ግን ትልልቅ ጨዋታ ላይ የሚፈተነው ሰው የውጭ ዜጋ ሲሆን፣ ለብሔራዊ ቡድን የሚፈለገው ኢትዮጵያዊ ግብ ጠባቂ ከየት ይለማመድ? ግብ ጠባቂ በልምምድ ብቻ አይበስልም። ቀዶ ሕክምና መጽሐፍ በማንበብ ብቻ እንደማይለመደው ማለት ነው።

ጥልቀት ሜዳ ላይ ብቻም አይደለም። ያኔ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ምድባችንን እየመራን ሳለ፣ ሰኔ 1 ቀን 2005 ቦትስዋናን 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ ላይ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ተገኘ። ፊፋ ጨዋታውን ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። እግዜር ይስጣቸውና ልጆቹ ጳጉሜን 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን አንደኛ ሆነው ጨረሱ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ በደርሶ መልስ 2 ለ 1 እና 2 ለ 0 አሸንፋን ብራዚል ቀረች። ካርድ የሚቆጥር፣ ደብተር የሚይዝ፣ «ይህ ልጅ ዛሬ አይሰለፍም» የሚል ሰውም የስብስቡ አካል ነው። ዎርድ ውስጥ የመድኃኒት ሰንጠረዥ የምትይዘዋን ነርስ አስቡ።

አሁን ወደ ተመላሾቹ ልምጣ። የ2009 የውድድር ዘመን ለዚህ ጥያቄ የተሠራ ፈተና ይመስላል፤ ሁለት ትልልቅ አጥቂዎች፣ ሁለቱም ውጭ ቆይተው ወደ ቀድሞ ክለባቸው የተመለሱ፣ በአንድ ሊግ ተገናኙ።

አንዱ ጌታነህ ከበደ ነው። በ2005 ደደቢት የሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ግንባር ቀደሙ ግብ አግቢ እሱ ነበር። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለቢድቬስት ዊትስና ለፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፤ ከዚያ ደደቢት ዳግም አስፈረመው። ምን አደረገ? በአንድ የውድድር ዘመን 25 ግብ አገባ። ዮርዳኖስ ዓባይ ለ16 ዓመት ይዞት የቆየውን የ24 ግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከአንድ ተመላሽ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል? ዋንጫው ግን ለደደቢት አልሆነም።

ሌላው ሳላዲን ሰይድ ነው። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወጥቶ ግብፅ ውስጥ ለዋዲ ዴግላና ለአል አህሊ፣ ቤልጅየም ለሊርስ፣ አልጄሪያ ደግሞ ለኤምሲ አልጀር ተጫውቶ በ2008 ወደ ጊዮርጊስ ተመለሰ። እሱ ሲመጣ ከኋላው የነበሩትን ተመልከቱ። ግብ ላይ ኦዶንካራ፤ መሐል ተከላካይ ላይ ደጉ ደበበ፣ ሳላዲን በርጌቾና አስቻለው ታመነ፤ ከፊት አዳነ ግርማን የመሰለ ሰው። ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው፣ አንዳንዴም ሦስት የሚፎካከሩበት ስብስብ ነበር። ጊዮርጊስ በዚያ ዓመት ሊጉን ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰደ፤ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግም ለመጀመሪያ ጊዜ ምድብ ውስጥ የገባ የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት ምድቡ ከስምንት ቡድን ወደ አሥራ ስድስት ሰፍቶ ነበር። ያም ሆኖ ያንን በር ያለፈ ሌላ የእኛ ክለብ አልነበረም።

ጌታነህ በ2010 ማብቂያ ደደቢትን ለቆ ወደ ጊዮርጊስ ሄደ። ደደቢት መቀመጫውን ወደ መቐለ አዛውሮ በ2011 ከሊጉ ወረደ። ክለብ የሚወርደው በአንድ ሰው መሄድ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብ ችግሩም ከባድ ነበር። ነገር ግን 25 ግብ በአንድ እግር ላይ ሲንጠለጠል፣ እግሩ ሲሄድ ምን እንደሚቀር አሳይቶናል።

በእኛ በወሎም ትምህርቱ አለ። ወልድያ ላይ ጥር 2009 ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ዘመናዊ ስታዲየም ተመረቀ። በኮረብታው ሥር ሲታይ ዓይን ይሞላል። ወልድያ ከተማ ግን በ2010 ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ስታዲየም በኮንትራክተር ይሠራል። ስብስብ የሚሠራው ግን በዓመታት ነው፤ ልጆቹን ከታች በማሳደግ፣ ያደጉትንም በማቆየት።

ብልባላ ይህን በትንሹ አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ የመንደሩ ቡድን በረኛ ነበር። ሜዳው ዳገት ስለሆነ ኳስ ካመለጠች ገደል ገብቶ የሚያመጣትም እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከላሊበላና ከቁልመስክ ልጆች ጋር ሲገጥሙ ይቆማል። ገና ሲደርስ ግን ወልድያና ደሴ የሚማሩት ለበዓል ይመጣሉ፤ ጫማም አላቸው። የተመለሰው ይሰለፋል፣ ወንድሜ ልብስ ይጠብቃል። እናቴ ተናዳ «አንተስ ምን ሆነህ ዝም ትላለህ?» ስትለው፣ «እማዬ፣ በጥምቀት ማግስት ይሄዱ የለ፤ እኔ እኮ እዚሁ ነኝ» አላት። በሦስተኛው ዓመት ኳሱን ተወው። በዚያ ክረምት ቡድኑ ለግጥሚያ ሲጠራ በረኛ አጥቶ ቀረ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን። የጎንደር ትምህርት ቤታችን በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ከደምቢያው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ ሐኪም ብቻውን ለማውጣት አልነበረም። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ ሠልጥነው አንድ ላይ እንዲወጡ ነው። እኛም በቲቲፒ ጊዜ ቆላ ድባና ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ተልከን አንድ ቤት አድረን፣ አንድ ድስት በልተን ያየነው ይህንኑ ነው። ማን ምን እንደሚችል፣ ማን ሲታመም ማን እንደሚተካው ያኔ ነው የገባን። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የጤና መኮንኖችን በሁለተኛ ዲግሪ ለድንገተኛ ማዋለድና ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ሲጀመር አንዳንዶቻችን አጉረምርመን ነበር፤ አይደል? ዛሬ ስንት ወረዳ ላይ እናት በሌሊት በቀዶ የምትገላገለው በእነሱ እጅ ነው። ተጠባባቂ ወንበሩ እንዲህ ነው የሚሞላው።

በሥራ ዘመኔ ሁለት ዓይነት ተመላሽ አይቻለሁ። ሁለቱም ደጋ ላይ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያው ስመ ጥር የቀዶ ሐኪም ነበር፤ ለሁለት ሳምንት መጥቶ ቀን ከሌት ሠራ። የሆስፒታሉ ወጣት ሐኪሞች ጋውን ለብሰው ዳር ቆመው አዩ። ሕዝቡ መረቀው፣ እኛም አመሰገንነው። በሄደ በሳምንቱ የታነቀ ቡአ ይዞ የመጣ ገበሬ በአምቡላንስ ወደ ወልድያ ተላከ። ሁለተኛዋ ከእኛ ሁለት ዓመት የምትበልጥ ተመራቂ ናት። በሁለት ሳምንት የሠራችው ከእሱ ግማሹን አይሆንም፤ ምክንያቱም ቢላውን ለልጆቹ እየሰጠች እሷ ሪትራክተር ትይዝ ነበር። አንዱ ወጣት እጁ ሲንቀጠቀጥ «አይዞህ የኔ ወንድም፣ እኔ አለሁ፤ ቀስ በል» ስትለው ሰምቻለሁ። በሄደች በወሩ ያው ልጅ ሌሊት በስምንት ሰዓት የታነቀ ቡአ ብቻውን ሠራ። ታካሚው በአምስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ።

የመጀመሪያው ሐኪም ክፉ ሰው አይደለም። ጌታነህም 25 ግብ ማግባቱ ጥፋት አይደለም። ጥያቄው ተመላሹ ላይ ሳይሆን ተቀባዩ ላይ ነው፤ ከኋላ ማንን አዘጋጀን? ማኅበራችን በዚህ በዓል ላይ ወደ ገጠር ሆስፒታሎች የሚሄዱ በጎ ፈቃደኞችን ይመዘግባል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከተመዘገባችሁ ሁለት ነገር አደራ። ከመሄዳችሁ በፊት የሆስፒታሉን የተራ ዝርዝር አስልኩና እናንተ በሄዳችሁ በማግስቱ ሌሊት ማን እንደሚያድር ስሙን አንብቡ። ስትደርሱም መጀመሪያ ያንን ሰው አስጠሩት፤ ከእናንተ ጋር አብሮ ይግባ፣ ቢላውንም እሱ ይያዝ።