ቀለም ከመፈተል በፊት፦ የሃሪስ ጨርቅ ታሪክ አንድ ገጽታ

ለበግ ጠጉር ቀለም መስጠት የሚቻለው በሦስት ደረጃ ነው፤ ሳይፈተል በጠጉርነቱ፣ ከተፈተለ በኋላ በክርነቱ፣ አለዚያም ተሸምኖ ካለቀ በኋላ በጨርቅነቱ። ከሦስቱ ፈታይዋን የቀለም ባለሙያ የሚያደርጋት የመጀመሪያው ብቻ ነው። ልዩ ልዩ ቀለም የተነከሩ ጠጉሮች በማበጠሪያ ተዋሕደው አንድ ክር ሲሆኑ፣ በመንከሪያው ድስት ውስጥ ያልነበረ አዲስ ቀለም ይወለዳልና። የዚህ ጥበብ ዕጣ ፈንታ በግልጽ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ የሚገኙት አውተር ሄብሪዲስ የተባሉት ደሴቶች ናቸው።

በነዚህ ደሴቶች፣ በተለይም በሃሪስና በሉዊስ፣ ሴቶች ጠጉሩን በትልቅ የብረት ድስት እየቀቀሉ ይነክሩ ነበር። ከዓለት ላይ ተፍቆ የሚሰበሰበው የድንጋይ ሽበት ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ይሰጣል። ይህንንም ከነጩ ወይም ሌላ ቀለም ከተነከረው ጠጉር ጋር አደባልቀው፣ የብረት ጥርስ በተተከለባቸው ጥንድ ሰሌዳዎች አበጥረው፣ የጥጥ ባዘቶ የመሰለ ጥቅል ካዘጋጁ በኋላ በመንኮራኩር ይፈትሉታል። ማበጠሩ ካነሰ ክሩ ዝንጉርጉር ይሆናል፤ ከበዛ ደግሞ ቀለሞቹ እርስ በርሳቸው ተዋውጠው ይደበዝዛሉ። ልኩን የምታውቀው የፈታይዋ እጅ ነበረች።

የነገሩን ምሥጢር በሳይንስ ቋንቋ ካብራሩት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ኡዠን ሼቭረል ነው። በ1824 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ የጎብላን የምንጣፍ ሥራ ድርጅት የቀለም ክፍል ኃላፊ ሆኖ በተሾመ ጊዜ፣ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። መርምሮም ጉድለቱ የቀለሙ ሳይሆን በአጠገቡ የተሸመኑት የሰማያዊና የሐምራዊ ክሮች ተጽዕኖ መሆኑን ደረሰበት። በ1839 ባሳተመው መጽሐፉም ዓይን ቀለምን ከጎረቤቱ ነጥሎ እንደማያይ አስረዳ። ጠጉርም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ዘለላ የራሱን ቀለም እንደያዘ ይቆያል፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ሁሉም አንድ ኅብር ይሆናል።

የደሴቶቹ ጨርቅ ዝናው በገነነ መጠን አስመሳዩ በዛ። ስለዚህም በ1909 አንድ የባለሙያዎች ማኅበር ተቋቁሞ፣ በ1911 የመስቀልና የሉል ምልክት ያለበት ማኅተም በጨርቁ ላይ መመታት ጀመረ። በጊዜው የነበረው ድንጋጌ ጨርቁ በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ እንዲሆን ያዝ ነበር። ሆኖም የእጅ ፈትል የገበያውን ፍላጎት ሊያሟላ ባለመቻሉ፣ በ1934 በፋብሪካ የተፈተለ ክር ተፈቀደ። በ1993 የወጣው የብሪታንያ ሕግም ጠጉሩ በደሴቶቹ ላይ እንዲነከርና እንዲፈተል፣ ሽመናው ግን በነዋሪዎቹ ቤት በእጅ እንዲከናወን ደነገገ።

እንግዲህ ሕጉ የሸማኔውን እጅ ሲጠብቅ የፈታይዋን እጅ አሰናብቷል። ይሁን እንጂ ጥበቧ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ጠጉሩን አስቀድሞ ነክሮ ከመፈተሉ በፊት ማደባለቁ ዛሬም የጨርቁ መለያ ነው። ልዩነቱ፣ እሷ በዓይኗ የመጠነችውን ፋብሪካው በሚዛን መመጠኑ ነው። በዚህም አንድን ቀለም ደጋግሞ ማግኘት ተችሏል፤ የአንዲት ሴት ክር ከጎረቤቷ ክር የሚለይበት ጠባይ ግን ቀርቷል። የእጅ ሥራን በሕግ ለመጠበቅ የሚነሣ ሁሉ፣ የሥራው ነፍስ በየትኛው እጅ ላይ እንዳለች አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።