ክሽክሽን በአዳኝ ነፍሳት መከላከል

ክሽክሽ በለጋ ቅጠልና በቡቃያ ላይ ተከማችቶ የተክል ፈሳሽ የሚመጥ፣ ገላው ለስላሳ የሆነ ጥቃቅን ተባይ ነው። እንደ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉት የአዲስ አበባ ዙሪያ አካባቢዎች ጓሮ ውስጥ ኮክን የሚያጠቃው አረንጓዴው የኮክ ክሽክሽ በጎመንና በድንች ላይም ይኖራል፤ የድንች ቫይረሶችንም ያስተላልፋል። ሴቷ ያለ ወንድ ስለምትወልድ ቁጥሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይንራል። የክረምት ከባድ ዝናብ አጥቦ ያራግፈዋል፤ በበጋ ግን ይበረታል።

ዋነኛ ጠላቶቹ ነጠብጣብ ያላቸው ትናንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሂፖዳሚያ ቫሪዬጋታ በኢትዮጵያም ይገኛል። ከጥንዚዛው ይልቅ ሰው የማያውቀው እጩን ነው፦ ጥቁርና ሞላላ፣ ስድስት እግር ያለው፣ አድጎ እስኪጨርስ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ የሚበላ። ብዙ ጊዜ ተባይ መስሎ ይጨፈለቃል። ንብ መሳይ ዝንቦችና አረንጓዴ ክንፈ መረቦችም በእጭነታቸው ክሽክሽ ያድናሉ።

በ1888 እና በ1889 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደ ጥንዚዛ የብርቱካን እርሻዎችን ከክሽክሽ ዘመድ ከሆነ ተባይ አድኗል። ይህ ስኬት ግን አዳኝ ነፍሳትን ገዝቶ መልቀቅ ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም። በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ቤት የተለቀቀ አዳኝ እዚያው ይቆያል፤ የኢትዮጵያ የአበባ እርሻዎችም በጽጌረዳ ላይ ያለውን ቀይ ሸረሪት ለመከላከል ማይት የሚባሉ ጥቃቅን አዳኞችን ይለቃሉ (እነዚህ ስምንት እግር ስላላቸው ነፍሳት አይባሉም)። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ጥንዚዛ ግን በርሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለጓሮ ዛፍ የሚሻለው ያለውን አዳኝ መጠበቅ ነው።

የጎልማሳ ንብ መሳይ ዝንቦችና የአንዳንድ ክንፈ መረቦች ምግብ የአበባ ወለላና ብናኝ በመሆኑ፣ ከዛፉ ሥር እንስላልና ድንብላል እንዲያብቡ መተው ይጠቅማል። ጉንዳን ከክሽክሹ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ አዳኞቹን ያባርራል። ግንዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጨርቁን ግራሶ መቀባት የጉንዳኑን መንገድ ይዘጋል። ብዙ ዓይነት ነፍሳትን የሚገድል ኬሚካል ግን አዳኞቹን ይጨርሳል፤ የኮክ ክሽክሽ ደግሞ ብዙ መድኃኒቶችን የለመደ ነው።

አዳኞች የሚመጡት ክሽክሹ ከበዛ በኋላ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅጠሉ መጠቅለሉ አይቀርም። የሳሙና ውሃ ክሽክሹን ይቀንሳል፤ ያገኘውን የጥንዚዛ እጭ ግን አብሮ ስለሚገድል ክሽክሹ በተከማቸበት ቅርንጫፍ ላይ ብቻ መርጨት ይገባል።