የመምህሩ ጆሮ

የቆሎ ትምህርት ቤት ሲነሣ አስቀድሞ የሚወሳው አለንጋው ነው፤ ቀጥሎ ቁራሽ ልመናው፣ ውሻውና ደበሎው። ስለ የኔታ ጆሮ የጻፈ ሰው ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ፊደል የለየ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን ይዞ፣ ሆሄውን አንድ በአንድ በስንጥር እየጠቆመ በቁጥር ይጀምራል። ከዚያ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እያለ እስከ ዳዊት ይዘልቃል። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሃያ ሠላሳ ልጅ፣ ሁሉም በየገጹ፣ ሁሉም በየድምፁ ይጮኻል። ለመንገደኛ ተራ ጫጫታ ነው። የኔታ ግን፣ አንዳንዴም ዐይናቸው የማያይ የኔታ፣ አንዱ ልጅ ተነሽ የሆነውን ቃል ወዳቂ አድርጎ ያነበበ እንደሆነ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «መልሰህ በል!» ይሉታል።

ሰው ይህን እንደ ተአምር ያወራዋል። ተአምር አይደለም። የኔታ መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ልጆች የት የት ላይ እንደሚሰናከሉም ለዓመታት ሰምተው ለይተዋል። የሚያውቁት ነገር ነው ጆሯቸውን የሚመራው። መጽሐፉን ያላጠና ሰው በዚያ ዛፍ ሥር ቀኑን ሙሉ ቢያዳምጥ ከጩኸት በቀር ምን ይሰማል?

ነገር ግን ያንን ጆሮ ያለ ልክ ማወደስም አይገባም። የሚሰማው ድምፁን ነበርና። ብዙ ልጅ ዳዊት ደግሞ፣ ወላጆቹ ደግሰውለት፣ የግእዙን ትርጉም ሳያውቅ ወደ እርሻው ተመልሷል። ምስጢር የሚጠየቀው ገፍቶ ቅኔ ቤት ለደረሰው ነው። በዚያ መምህሩ ቅኔ ዘርፈው ምስጢሩን ይፈቱለታል፤ ተማሪው ደግሞ ጭር ያለ ሥፍራ ፈልጎ የራሱን ሲቆጥር ይውላል። ወደ ነገራ ሲቀርብ መምህሩ እርሱ ብቻ የፈጠረውን፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላለውን ቅኔ ሰምተው ማረም አለባቸው። ቤት መታ? ግሡ ጸና? ሰሙ ወርቁን ተሸከመ? ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ያላቀና ተማሪ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ አይሻገርም፤ ጓደኛው ቢቀድመውም የሚያፍርበት እንጂ የሚጎተትበት ምክንያት የለም።

በሃያኛው ምዕት ዓመት መባቻ ዳግማዊ ምኒልክ የዘመናዊ ትምህርት ቤት በር ሲከፍቱ፣ ሀገር የሚያስፈልጋት ሌላ ዕውቀት ነበር፤ ቋንቋው፣ ሒሳቡ፣ ጂኦግራፊው። አስተማሪዎቹም ከግብጽ መጡ። አብሮ የገባው ሌላ ነገር ብዙም አይወራም፤ ሁሉም ልጅ በአንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ መዋል ጀመረ። ጥቁር ሰሌዳው ለሁሉም አንድ ነው። እየቆየ ተማሪው ሲበዛ መምህሩ መናገሩን ቀጠለ፤ መስማቱ ግን እየቀነሰ ሄደ።

የዚህ ጫፍ የታየው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ይመስለኛል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በሀገሪቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይሰራጫል። ሐሳቡ ቅን ነበር። በቂ መምህር ላላገኘው የገጠር ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር እኩል ትምህርት ይድረሰው ማለት ምን ክፋት አለው? የስክሪኑ አስተማሪም ሥዕሉን፣ ሙከራውን፣ ስሌቱን አሳምሮ ያቀርብ ነበር። ጆሮ ግን አልነበረውም። ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፤ ከዚያም «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስንም። ፊተኞቹ ወንበሮች ላይ ያሉት ለመገልበጥ ይሯሯጣሉ፤ ኋላ ያለነው ማየቱንም ትተነዋል። የክፍሉ መምህር ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ለእርሱ የተተወለት መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው።

አንድ ቀን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ መብራት ጠፋ። መምህራችን ጠመኔ አንሥቶ ወደ እኛ ዞረና፣ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ከኋላ አንዱ ልጅ «ዜሮ» አለ። «ፍጥንጥነቱስ?» «እሱም ዜሮ።» ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። መምህሩ ፈገግ አለ፤ ይህን ስሕተት ከዚያ በፊት እንደሚያውቀው ፊቱ ላይ ይነበባል። «ታዲያ ፍጥነቱም ፍጥንጥነቱም ዜሮ ከሆነ፣ ድንጋዩ ለምን ይወርዳል?» አለ። ዝምታ ሆነ፤ ይህ ግን የዘወትሩ ዝምታ አልነበረም። ከኋላ ያለነው ሳይታወቀን ወደ ፊት ተጠግተን ነበር። ልጁም ጥቂት አሰበና «ቆይ፣ መልሼ ልበለው» አለ።

መብራቱ ሲመለስ ፕላዝማው ሌላ ርእስ ላይ ደርሶ ነበር።