ከሜዳ ውጭ፦ ሆንዳ በማን ደሴት

ኳስ የሚወድ ሁሉ «ከሜዳ ውጭ» የሚለውን ቃል ያውቃል። በራስህ ሜዳ ስትጫወት ሣሩንም ንፋሱንም ታውቀዋለህ። ከሜዳ ውጭ ግን ሁሉም ነገር የባለቤቱ ነው። በሞተር ብስክሌት ውድድር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ሰው ብቻ ሳይሆን ብረቱም አገር መልመድ አለበት። እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው።

ባለፈው በጋ እኔና የአጎቴ ልጅ አንዲት አሮጌ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ገዝተን ለውድድር ልናዘጋጃት ተነሣን። የምንኖረው ኢየሩሳሌም ነው፤ ከባሕር ወለል ወደ 800 ሜትር ከፍታ ላይ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ከፎቃችን ሥር ባለው መኪና ማቆሚያ ቁጭ ብለን ካንዴላዋን ቀየርን፣ ካቴናዋን አጠብን፣ ካርቡሬተሯን ፈታን ገጠምን። ስናስነሣት ድምፅዋ ያስደስት ነበር። ከዚያ ጭነን ቆላ ወዳለ የውድድር ሜዳ ይዘናት ወረድን። አራተኛው ዙር ላይ ሞተሩ ድርቅ ብሎ ቆመ። ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል።

አጎቴ ድሮ ጎንደር ጋራዥ ውስጥ የሠሩ መካኒክ ናቸው። ፒስቶኑን አገላብጠው አዩና፣ «ልጆች፣ ይቺን ለውድድር መቼ አዘጋጃችኋት? ለቤታችሁ ደጃፍ ነው ያዘጋጃችኋት» አሉን። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱን። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በዛ፣ ቤንዚኑ ግን ያው በደጋው ልክ ቀረ። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል። የእኛዋ ደግሞ ዘይቷን የምታገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አነሰ። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ ሰፋ ባለች ብንቀይራት ኖሮ በቂ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ፦ አይተውት በማያውቁት ሜዳ ለመወዳደር ሰዎች በእውነት የሚዘጋጁት እንዴት ነው? ስፈልግ ስፈልግ አንድ ታሪክ አገኘሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ሆንዳ ሲባል ሁላችንም እናውቃለን። ሰፈራችን ውስጥ ምግብ የሚያደርሱ ልጆች ከሚነዷቸው ሞተሮች መካከል ስሙ አለ። በ1954 ግን ከጃፓን ውጭ ሆንዳን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ድርጅቱ ሃማማትሱ በምትባል ከተማ ከተመሠረተ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። መሥራቹ ሶይቺሮ ሆንዳ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ናቸው። የእኛም አያቶች ብዙዎቹ ብረት ቀጥቃጮች ስለነበሩ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ሰውየው ዘመዴ መሰሉኝ።

በመጋቢት 1954 ሶይቺሮ ሆንዳ አንድ ነገር አወጁ፦ ድርጅታችን በማን ደሴት በሚደረገው ትልቁ የሞተር ብስክሌት ውድድር ይሳተፋል አሉ። የማን ደሴት በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል፣ ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ውድድሩ ከ1907 ጀምሮ የሚደረግ ሲሆን፣ የሚካሄደውም ተራው ሰው በሚሄድበት አውራ ጎዳና ላይ ነው። ለውድድሩ ሰዓት መንገዱ ይዘጋል እንጂ ግንቡም፣ የቤቱ ደጃፍም፣ የመብራት ምሰሶውም እንዳለ ነው። የተራራው መንገድ የሚባለው ዋናው መስመር አንዱ ዙር ብቻ ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

አዋጁ ሲወጣ ድርጅቱ ችግር ላይ ነበር። አንዳንድ ምርቶቹ ጉድለት ተገኝቶባቸው፣ ሽያጭም ቀንሶ፣ ገንዘብ አጥሮት ነበር። ከሜዳ ውጭ የሞከረውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ብራዚል ውስጥ ሳኦ ፓውሎ ከተማ በተደረገ ውድድር አንድ የሆንዳ ሞተር 13ኛ ወጥታለች።

ሶይቺሮ ሆንዳ ግን አውጀው ቁጭ አላሉም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ራሳቸው ወደ ደሴቲቱ ሄደው ውድድሩን በዓይናቸው አዩ። ያዩት አስደነገጣቸው። የጀርመኑ ኤንኤስዩ ሞተሮች መጠናቸው ከሆንዳ ሞተሮች ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ጉልበታቸው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አዋጁን ቀስ ብሎ ያስረሳው ነበር። እሳቸው ግን ከአውሮፓ ካርቡሬተር፣ ቸርኬ፣ ካቴናና ጎማ ገዝተው ተሸክመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዝግጅቱ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ሄዶ ማየት፣ ከዚያ የራስን ጉድለት ሳያለባብሱ መለካት።

የሚቀጥለው ችግር ሜዳ ነበር። በዚያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ አስፋልት የለበሰ የሞተር ብስክሌት መወዳደሪያ አልነበረም። ትልቁ ውድድር የሚደረገው አሳማ በሚባል እሳተ ገሞራ ተራራ ሥር ነው። በ1957 እዚያ የተከፈተው ሜዳ ዙሩ ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ መሬቱ የእሳተ ገሞራ አመድና ጠጠር ነው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ የሚጠቅመው ጥርሱ የጎላ ጎማ ነው። ነጂውም መንሸራተትን ይለምዳል፤ ጥምዝ ላይ እግሩን አውጥቶ መሬት ይነካል። አስፋልት ላይ ግን ጎማው ልሙጥ ያለ መሆን አለበት፤ ነጂው ከሞተሩ ጋር አብሮ ይጋደማል እንጂ እግሩን አያወጣም። ስለዚህ የሆንዳ ልጆች ቤታቸው የለመዱት ብዙ ነገር ደሴቲቱ ላይ አይሠራም።

ሌላም አለ። እዚያው በገዛ አገራቸው በ125 ሲሲ ክፍል በ1955ም በ1957ም ያማሃ አሸንፏቸዋል። በቤቱ የተሸነፈ ሰው ውጭ ወጥቶ ምን ሊያመጣ ነው? ያኔ ብኖር እኔም እንደዚያ እል ነበር።

አምስት ዓመት ፈጀ። በ1959 ግንቦት ላይ ቡድኑ ደሴቲቱ ደረሰ። መሪው ኪዮሺ ካዋሺማ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ነጂዎቹ አራት ጃፓናውያንና አንድ አሜሪካዊ ናቸው። በዚያ ዘመን ከጃፓን የውጭ ምንዛሪ ይዞ መውጣት በመንግሥት ፈቃድ ስለነበር፣ ይህን ያህል ሰው መላክ ራሱ ቀላል ወጪ አይደለም። ውድድሩ ሰኔ 3 ቀን ነበር፤ እነሱ ግን ከሳምንታት በፊት መጡ። መንገዱ የሕዝብ ስለሆነ በአዘቦት ቀንም ሊያጠኑት ይችላሉ። የ125 ሲሲው ውድድር የሚደረገው በረጅሙ የተራራ መንገድ ላይ ሳይሆን ክሊፕስ በሚባለው፣ ዙሩ ከ17 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚያልፍ መስመር ነው። አጭር ይሁን እንጂ ዳገት፣ ቁልቁለትና ጥምዝ የሞላበት ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ አንድ መካኒክ ምን ያስባል? አጎቴን ጠይቄ ካነበብኩት ጋር አገናዘብኩት። አንደኛ፣ ማርሹ። ካቴናውን የሚይዙት ባለ ጥርስ ክቦች የሚመረጡት በሜዳው ነው፤ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ለፍጥነት፣ ዳገትና ጥምዝ በበዛበት ለጉልበት። ሁለተኛ፣ ካርቡሬተሩ። ከፍታው፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ሲለወጥ የቤንዚኑ ልክ ይለወጣል። ሦስተኛ፣ ጎማና ሞላ፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ የሚመቸው ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ነጂውን ያዘልለዋል። አራተኛ፣ ፍሬን፤ ቁልቁለት በበዛ ቁጥር ፍሬን ይግላል። አምስተኛ፣ ቡሎኑ ሁሉ። መንቀጥቀጥ ዳዶ ይፈታል፤ ስለዚህ ዋና ዋናዎቹ በሽቦ ይታሰራሉ። በመጨረሻ መለዋወጫ፤ ከቤትህ የረሳኸውን ዕቃ ሰው አገር አታገኘውም።

የሆንዳ ሞተሮች ሁለት ሲሊንደር ነበራቸው። 125 ሲሲው ለሁለት ሲካፈል አንዱ ሲሊንደር ከአንድ የቡና ስኒ አይበልጥም። ግን በደቂቃ ከ12,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራሉ። አርሲ 141 የሚባለው የመጀመሪያው ዓይነት በየሲሊንደሩ ሁለት ቫልቭ ነበረው። ለውድድሩ የቀረበው አርሲ 142 ደግሞ በየሲሊንደሩ አራት ቫልቭ አለው፤ ብዙ አየር በፍጥነት እንዲያስገባና እንዲያስወጣ።

ውድድሩ አሥር ዙር ነበር፤ በጠቅላላው ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ። አንደኛ የወጣው ጣሊያናዊው ታርኲኒዮ ፕሮቪኒ በኤምቪ አጉስታ ነው። ከሆንዳ ነጂዎች ናኦሚ ታኒጉቺ 6ኛ፣ ጊይቺ ሱዙኪ 7ኛ፣ ቴይሱኬ ታናካ 8ኛ፣ ጁንዞ ሱዙኪ 11ኛ ሆኑ። አሜሪካዊው ቢል ሃንት ወድቆ አቋረጠ።

ስድስተኛ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ግን እዩት፦ ከአምስቱ ሞተሮች አራቱ በማያውቁት መንገድ ላይ እስከ መጨረሻው ደረሱ። ሦስቱ ተከታትለው ስለገቡ የፋብሪካዎችን የቡድን ሽልማት የወሰደው ሆንዳ ነው። ታኒጉቺም አንድ የዓለም ሻምፒዮና ነጥብ አገኘ። ከሁሉም የፈጠኑ ስላልነበሩ ውድድሩን አላሸነፉም፤ ግን ሞተራቸው አልቆመም። የእኛዋ አራተኛ ዙር ላይ እንደቆመች አስታውሱ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1961፣ በዚያችው ደሴት በ125ም በ250 ሲሲም ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት ሁሉ የሆንዳ ሞተሮች ናቸው። ሁለቱንም ያሸነፈው እንግሊዛዊው ማይክ ሄይልዉድ ነበር። በ1962 ደግሞ ሆንዳ ሱዙካ ላይ ወደ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን አስፋልት የለበሰ መወዳደሪያ ሠርቶ ጨረሰ። በሰው ሜዳ የተማሩትን ወደ ቤታቸው አምጥተው ሜዳ አደረጉት። ካዋሺማም በ1973 የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆነ።

ለወላጆች ግን አንድ ነገር ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ይህ ስፖርት ሰው ይበላል። በ1961 ለሆንዳ የ125 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው አውስትራሊያዊው ቶም ፊሊስ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ደሴት ላይ ሲወዳደር ሞተ። እናቴ ሞተር የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ የሚለዋወጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሩ ዝግጅት አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ይህን ታሪክ ለአጎቴ ስነግራቸው ስድስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ከዚያ ስለ ራሳቸው አጫወቱኝ። ጎንደር ሳሉ ሞተር በድምፁ ብቻ ምን እንደጎደለው የሚያውቁ መካኒክ ነበሩ። እዚህ መጥተው አንድ ሙሳኽ ሲቀጠሩ ግን መጥረጊያ ሰጧቸው። ካቴናን ያውቃሉ፣ ሻርሼሬት የሚለውን አያውቁም። ሁለት ዓመት ወለል እየጠረጉ፣ ዕቃ እያጠቡ፣ የየዕቃውን ስም በፊደላችን በትንሽ ደብተር እየጻፉ ቆዩ። በሦስተኛው ዓመት ሞተር ፈቱ። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን የመጥረጊያ ታሪክ ስሰማ አፍር ነበር። አሁን ሳስበው፣ አጎቴ ከሜዳ ውጭ እየተጫወቱ ነበር፤ መንገዱንም ያጠኑት ከወለሉ ጀምረው ነው።

በዚህ ዓመት ያቺን ሞተር አድሰን እንደገና ወደዚያው ቆላ ወረድን። አጎቴም አብረውን መጡ። አንድ ቀን ቀድመን ደርሰን ሜዳውን በእግራችን ዞርነው። የካርቡሬተሯን ቀዳዳ በሰፊ ቀየርን፣ ጥቂት ዙር ከነዳናት በኋላም ካንዴላዋን አውጥተን ቀለሙን አየን፤ ነጣ ካለ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነውና። ቡናማ ነበር። በውድድሩ ከመጨረሻ ሦስተኛ ወጣን። አሥሩንም ዙር ግን ጨርሰናል። አጎቴ ደብተራቸውን አውጥተው የሜዳውን ስም፣ ሙቀቱንና የቀዳዳዋን ቁጥር ጻፉ። «ለሚቀጥለው ይሆናል» አሉ።