የማስረጃ ኮድ (በዘረመል ጥናት)

የማስረጃ ኮድ፦ በጂን ኦንቶሎጂ የመረጃ ቋት ውስጥ፣ ስለ አንድ ዘረመል ተግባር የተሰጠ መግለጫ በምን ዓይነት ማስረጃ ላይ እንደተመሠረተ የሚያሳይ ምልክት። ቋቱን በ1998 እ.ኤ.አ. በጋራ የጀመሩት የፍራፍሬ ዝንብ፣ የአይጥና የእርሾ ዘረመል መረጃ ቋቶች ናቸው።

ከቤተ ሙከራ ውጤት ከሚነሡት ኮዶች መካከል አይዲኤ ቀጥተኛ ልኬትን፣ አይኤምፒ ደግሞ ዘረመሉ ሲጎድል ወይም ሲቀየር የታየን ለውጥ ያመለክታል። ለምሳሌ ጋል1 የተባለው ዘረመል የተወገደበት የዳቦ እርሾ ጋላክቶስ በተባለው ስኳር ብቻ ማደግ ያቅተዋል። ይህ ዘረመሉ ለሂደቱ አስፈላጊ መሆኑን ቢያሳይም የሥራውን ዓይነት ለይቶ አይናገርም። ፕሮቲኑ ተጣርቶ ጋላክቶስ ላይ ፎስፌት ሲያያይዝ ሲለካ ግን ኢንዛይምነቱ በቀጥታ ይረጋገጣል።

አይኤስኤስ በቅደም ተከተል መመሳሰል ላይ ተመሥርቶ ባለሙያ ያየውን መግለጫ ይወክላል፤ አይኢኤ ኮምፒውተር የመደበውንና ባለሙያ አንድ በአንድ ያልመረመረውን። መግለጫ በመመሳሰል ከዘረመል ወደ ዘረመል ሲሻገር የመነሻው ስሕተትም አብሮ ይሻገራል። ኤንዲ መረጃ ተፈልጎ አለመገኘቱን እንጂ ዘረመሉ ተግባር የለሽ መሆኑን አያመለክትም።

ኮዱ የማስረጃውን ዓይነት ይናገራል እንጂ የጥራት ደረጃ አይሰጥም፦ ደካማ ሙከራም አይዲኤ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ አስተማማኝነትን ለመመዘን የተጠቀሰውን ጥናት፣ የሙከራውን ዘዴና ውጤቱ በሌሎች መደገሙን ማየት ያስፈልጋል።