ቤት ይሸጣል፣ መሬት አይሸጥም፦ የቤት ሽያጭ ቃላት ታሪክ ከወልድያና ከመርሳ አኳያ

ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃ በኩል ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ፣ በከተሞቹ ዳርቻ በቆርቆሮ በር ላይ በቀለም የተጻፈ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ሊያነብ ይችላል። ቀርቦ ደላላውን ቢያነጋግር ግን የሚሰማው ሌላ ቃል ነው። ደላላው በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ቦታው ስፋት፣ ከአስፋልቱ ስላለው ርቀትና ስለ ካርታው ነው፤ ስለ ግድግዳውና ስለ ጣሪያው የሚያነሣው በመጨረሻ ነው፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አያነሣውም። በጽሑፍ የሚሸጠው ቤት ሲሆን በአፍ የሚሸጠው ቦታ ነው።

ይህ ልዩነት የአነጋገር ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከማስታወሻ ያለፈ ሥራ ባልሰጠው ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ውል ይጸናል ወይም ይፈርሳል፤ የአንድ ቤተ ሰብ የዘመን ጥሪትም ይተርፋል ወይም ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው፣ በቤት ሽያጭ የምንገለገልባቸው ቃላት ከየትኛው ዘመን እንደ መጡና በየዘመኑ ትርጓሜያቸው እንዴት እንደ ተዛወረ ማሳየት ነው። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ቃላቱ በቅርጻቸው ሳይለወጡ የሚያመለክቱት መብት ተለውጧል፤ ስለዚህ ተርጓሚ የቃሉን ፍቺ ብቻ ሳይሆን የቃሉን ዓመተ ምሕረት ማወቅ ይገባዋል።

1. መሸጥና መግዛት

በግዕዝ ሽያጭና ግዢ ከአንድ ሥር ይወጣሉ፤ ሤጠ ማለት ሸጠ፣ ተሣየጠ ማለት ገዛ ነው። አማርኛ ከዚህ ሥር መሸጥን ወስዶ፣ መግዛትን ግን ገዛ ለሚለው ቃል ሰጠው። ገዛ ደግሞ በገንዘብ የራስ ማድረግን ብቻ ሳይሆን መንግሥት ይዞ ማስተዳደርንም ይናገራል። ስለዚህ ግዢና ግዛት፣ የዕቃ ገዢና የአገር ገዢ በአንድ ቤት ያድራሉ። አማርኛ ተናጋሪ «ገዛሁት» ሲል ዋጋ ከፈልኩ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ አዘዝኩበት፣ ሰለጠንኩበት ማለቱም ነው። ቤት የገዛ ሰው ቤቱ የቆመበትን መሬት አልገዛህም ሲባል የሚደነግጠው ሕጉን ባለማወቁ ብቻ ሳይሆን ግሡ ራሱ ከዚያ በላይ ተስፋ ስለሚሰጠው ጭምር ነው።

ባለቤት የሚለው ቃልም እንዲሁ ሰፊ ነው። ንብረቱ የእርሱ የሆነ ሰው ባለቤት ነው፤ የትዳር ጓደኛ ባለቤት ናት፤ በሰዋስው ትምህርት ደግሞ የዐረፍተ ነገሩ ድርጊት ፈጻሚ ባለቤት ይባላል። ሦስቱም ፍቺዎች ከቤት ይነሣሉ። ቤት ያለው ሰው በአማርኛ የመሆንና የማድረግ መነሻ ነው።

2. ርስት፣ ሪምና ካርታ

ርስት ወረሰ ከሚለው ሥር የተገኘ ስለሆነ በፍቺው ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ነገር ነው። «ርስት ሸጠ» የሚለው አነጋገር ለጆሮ የሚከብደው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚወረሰውን መሸጥ ያልተወለዱትን ድርሻ እንደ መብላት ይቈጠር ነበርና። መሸጥ ግድ ሲሆንም ወግ የሚያዘው በመጀመሪያ ለቤተ ዘመድ ማሰማትን ነው።

ይህ ማለት ግን በኢትዮጵያ መሬት ከቶ አይሸጥም ነበር ማለት አይደለም። በጎንደር ዘመን በተለይም በ18ኛው መቶ ዓመት ሪም የሚባለው፣ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ጋር የተያያዘው መሬት ይሸጥና ይገዛ እንደ ነበረ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ላይ የተመዘገቡ የሽያጭ ቃሎች ይመሰክራሉ። ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ዋሱና እማኞቹ በስማቸው ይጻፉ ነበር። ዛሬ በውል ሰነድ ግርጌ የምናገኛቸው ዋስና እማኝ የዚያ አጻጻፍ ወራሾች ናቸው። የሽያጩ መዝገብ በቅዱስ መጽሐፍ ገጽ ላይ መስፈሩም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ውሉን የካደ ሰው መጽሐፉንም እንደ ካደ ይቈጠር ዘንድ ነው።

የከተማ ቦታ ሽያጭ በመንግሥት ደንብ መልክ የያዘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ደንብ በከተማዋ ቦታ በግል መያዝን፣ መሸጥንና ማውረስን ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ከዋስና ከእማኝ ጎን አዲስ ማስረጃ ገባ፤ ይኸውም ካርታ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን መነሻው ወረቀት ማለት ነው። በአማርኛ ግን የመሬት ሥዕል፣ ቀጥሎም የመብት ማረጋገጫ ሆነ። ዛሬ «ካርታ አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ የሚጠይቀው ስለ ሥዕሉ አይደለም።

3. የ1952ቱ ሕግ ቃላት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ስለ ነበረ፣ የአማርኛው ቅጂ ትልቅ የትርጉም ሥራ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚለው አጠራር በዚህ ሕግ ጸንቶ እስከ ዛሬ ያለ ተቀናቃኝ ያገለግላል። ቀብድ የሚለው የገበያ ቃልም በሕጉ ማዕርግ አግኝቷል። በቍጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል፤ በቍጥር 1885 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ቢተው ዕጥፉን ይመልሳል። የወልድያ ደላላ ይህን የሕግ ቍጥር ባያውቅም ሥራውን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ለጽሑፋችን ይበልጥ የሚጠቅሙት ግን ሁለት ሌሎች ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ባለሀብትነት ነው። ሕጉ በአንድ ንብረት ላይ ከሁሉ የሰፋውን መብት የጠራው በዚህ ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ባለሀብት ማለት ገንዘብ ያለው፣ መዋዕለ ንዋይ የሚያፈስስ ሰው ማለት ሆኗል። የቀድሞው ፍቺ ሳይነካ የተረፈው በማዘጋጃ ቤት መስኮት ላይ ነው፤ ቤት የሸጠና የገዛ ሁሉ «ስመ ሀብት ለማዛወር» ይሰለፋል። የ1952ቱን ሕግ የሚያነብ የዛሬ ወጣት ተርጓሚ ባለሀብትን ባለጸጋ ብሎ ቢፈታው ሕጉ ለሀብታሞች የተጻፈ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ይዞታ ነው። በ1952ቱ ሕግ ይዞታ አንድን ነገር በእጅ የማድረግ ሁኔታ እንጂ የመጨረሻ መብት አልነበረም። ሌባም የሰረቀውን ይይዛል፤ ተከራይም የተከራየውን ይይዛል። ከባለሀብትነት ጋር ሲነጻጸር ይዞታ ዝቅ ያለ ቃል ነበር።

4. ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ይህን ሥርዓት ከሥሩ ለወጡት። በየካቲት የወጣው አዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት፣ በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ ከዚያ ያለፈው ትርፍ ቤት ተባለ። ትርፍ በነጋዴ አፍ መልካም ቃል የነበረውን ያህል ከቤት ጋር ሲጣመር የሚያስፈራ ቃል ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት የተወረሱ ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት እጅ ስለ ገቡ የቀበሌ ቤት የሚለው ስያሜ ተወለደ። ወረሰ የሚለው ግስ ራሱ ፊቱን አዞረ፤ ቀድሞ ልጅ ከአባቱ ይወርስ ነበር፣ አሁን መንግሥት ከባለቤቱ ወረሰ። ዛሬም በዕድሜ የገፉ የከተማ ሰዎች «የተወረሰ ቤት» ሲሉ ከአባት የተገኘውን ማለታቸው አይደለም።

የቃላቱ ሥርዓት የተገለበጠው በዚህ ጊዜ ነው። ዜጋ በመሬት ላይ ባለሀብት መሆን ስላልቻለ፣ ዝቅ ብሎ የነበረው ይዞታ ወደ ላይ ወጣ። በመሬት ላይ አንድ ሰው ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ መብት ይዞታ፣ ሰውየውም ባለይዞታ ተባለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና፤ መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የጋራ ንብረት ሲሆን፣ ዜጋ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሠራው ግንባታ ግን ሙሉ መብት አለው። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ስም አለው፤ በቤቱ ባለቤት፣ በቦታው ባለይዞታ ነው።

5. ሊዝና የከተማ ዳር

በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 80 ሊዝ የሚለውን ቃል አመጣ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ተከተሉት። ኪራይ የሚለው ቃል በቤት ተይዞ ስለ ነበረ፣ ሽያጭም ስለማይፈቀድ፣ ቃሉ እንዳለ ከእንግሊዝኛ ገባ። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ጥንቃቄ በርእሱ ላይ ይታያል፤ የ2004ቱ አዋጅ የከተማ ቦታን በሊዝ «ስለመያዝ» ይላል እንጂ ስለመግዛት ወይም ስለመከራየት አይልም። ይኸው አዋጅ ግንባታው ሳይጀመር ወይም ከግማሽ ሳይደርስ መብቱን ለሌላ ማስተላለፍን በግልጽ ሥርዓትና በሚመለከተው አካል ቍጥጥር ሥር እንዲሆን ወሰነ። «ጅምር ቤት» የሚለው ተራ አጠራር በዚህ ምክንያት ብዙ ገንዘብ የሚመዝን ቃል ሆነ፤ ምን ያህል የተጀመረ? ተብሎ ይጠየቃልና።

ወልድያ የዚህ ሁሉ ጥሩ ማሳያ ናት። ቀድሞ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው፣ ዛሬም የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው መንገድ ከወረታ ከሚመጣው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ናት። በ2004 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት፤ በ2009 ዓ.ም. ስታዲየም ተመረቀባት፤ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ በአቅራቢያዋ ባለችው በሐራ ገበያ እንዲያርፍ ታቀደ። የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ መርሳም በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ ዳር የትናንቱ የጤፍ ማሳ የዛሬ መንደር ይሆናል።

በዚህ ዳርቻ ሁለት ማስረጃዎች ይጋጠማሉ፤ የገበሬው ደብተርና የከተሜው ካርታ። በአማራ ክልል የተሻሻለው የገጠር መሬት አዋጅ ቍጥር 252/2009 ባለይዞታው መሬቱን እንዲያከራይ፣ እንዲያወርስና በስጦታ እንዲሰጥ በየአኳኋኑ ይፈቅዳል፤ መሸጥን ግን አይፈቅድም። ስለዚህ ገንዘብ ተከፍሎበት የሚተላለፍ መሬት የሽያጭ ስም ሊይዝ አይችልም፤ አንዳንዴ ስጦታ፣ አንዳንዴ ኪራይ፣ አንዳንዴም ብድር ተብሎ በመንደር ውል ይጻፋል። አለዚያም በቦታው ላይ በአንድ ሌሊት አነስተኛ ጎጆ ይቆማል፤ ሕዝቡ በቀልድም በምሬትም የጨረቃ ቤት ይለዋል። ይህ ጎጆ የሚሠራው ሰው ሊኖርበት ብቻ አይደለም፤ በውሉ ላይ «ቤት ሸጥኩ» የሚለው ቃል ሐሰት እንዳይሆን ጭምር ነው። ቤት ለቃል ሲባል ሲሠራ መዝገበ ቃላት ሕይወትን መከተሉን ትቶ ሕይወት መዝገበ ቃላትን ትከተላለች።

ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ከተማው ሰፍቶ ማሳው በፕላን ሲካተት ካሳ የሚከፈለው ስሙ በደብተሩ ላለው ሰው ነው፤ ገንዘቡን የከፈለው ሰው በእጁ ያለው «ስጦታ» የሚል ወረቀት ነው። ሰጪው ቢሞት ልጆቹ ስጦታውን ይቃወማሉ። ሰጪው ቢኖርና ቢክድም ገዢው «ገዝቻለሁ» ብሎ መክሰስ አይችልም፤ መሬት አይገዛምና። በእውነት ቤት የተሸጠ እንኳ ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቍጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም ሲል፣ ቍጥር 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መሆንን ይጨምራል። መጻፉ ይበቃል ወይስ መመዝገብም ያሻል? የሚለው ክርክር ብዙ ቤቶችን ካናጋ በኋላ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቍጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ሁለተኛውን ሐሳብ አጸና። የመንደር ውል ሻጩ በካደ ጊዜ የማያድነው በዚህ ምክንያት ነው።

6. ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ሐሳብ

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉትን እናሳስባለን።

ሸጠ የሚለው ግስ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ባሉ ሰነዶች ትርጉም ከቤትና ከሕንፃ ጋር ብቻ ይዋል። ለቦታ አስተላለፈ የሚለው ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ይህ ግስ ሽያጭን፣ ስጦታንና ውርስን ስለማይለይ «በገንዘብ»፣ «በስጦታ» ወይም «በውርስ» የሚል ማብራሪያ አብሮት ይጻፍ። አማርኛ በገንዘብ ለሚደረግ የይዞታ ዝውውር አንድ ራሱን የቻለ ግስ የለውም፤ ጉድለቱን በማብራሪያ መሙላት ቃል ከመፍጠር ይቀድማል።

ባለቤትና ባለይዞታ አንዱ በሌላው ቦታ አይግቡ። ባለሀብት በ1952ቱ ሕግና ከዚያ በሚመነጩ ጽሑፎች ሲገኝ ባለቤት ተብሎ ይፈታ።

ሪል እስቴት ዛሬ በአማርኛ የያዘው ፍቺ ቤት ሠርቶ የመሸጥ ሥራና ሥራውን የሚሠራው ድርጅት ነው። ስለዚህ በሕግ ጽሑፍ ንብረቱን ለመሰየም የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚለው ነባር ስም ይበቃል፤ መሬት ተብሎ መተርጐም ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው።

ግምትና ግመታም ይለዩ። በ2017 ዓ.ም. በሪል እስቴት ልማትና በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የወጣው አዋጅ ግመታ የሚለውን ስም ለሥራው ሰጥቶታል። እንግዲህ ግመታ ድርጊቱ፣ ግምት ውጤቱ፣ ዋጋ ደግሞ ሻጭና ገዢ የተስማሙበት ይሁን። በውሉ የሚጻፈው ገንዘብና በእጅ የሚቈጠረው ገንዘብ በሚለያዩበት ገበያ፣ ሦስቱን ቃላት ማደባለቅ ለቀረጥ ሰብሳቢውም ለዳኛውም ችግር ነው።

በመጨረሻም፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት በወልድያና በአካባቢዋ ባለፈ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ትቶ እንደ ተሰደደ ይታወሳል። ቤቱን ትቶ የሚሄድ ሰው ግድግዳውን አይሸከምም፤ ሊሸከም የሚችለው በጽሑፍ ላይ ያለውን ቃል ብቻ ነው። ያ ቃል ደብተር ቢሆን ካርታ፣ ስጦታ ቢሆን ሽያጭ፣ ሰውየው ሲመለስ የሚጠብቀው ወይም የሚክደው እርሱ ነው። ቃሉን አጥርቶ መጻፍና አጥርቶ መተርጐም የእኛ የሙያ ባልደረቦች ድርሻ ነው።