ነገሩ ሳይረታ ተናጋሪው ሲረታ

ሰንጋ ተራ ስሙ እንደሚያስረዳው የሰንጋ ገበያ የነበረ ሠፈር ነው። በሬ የሚገዛ ሰው የሻጩን የዘር ሐረግ አይመረምርም፤ የበሬውን ጥርስ ያያል፣ ሽንጡን ይዳስሳል፣ አስነሥቶ ያስኬደዋል። ነጋዴው የቱንም ያህል አፈ ጮሌ ቢሆን ቃሉ በገዢው እጅ ይፈተናል። ከዚሁ ሠፈር ጥቂት እልፍ ሲባል የልደታ ፍርድ ቤት አለ፤ እዚያም ቃል በማስረጃ ይፈተናል። በ1968 ዓ.ም. ግን በዚህ ሠፈርም ሆነ በመላው አገሪቱ ሌላ ገበያ ቆሞ ነበር፦ የሐሳብ ገበያ። በዚያ ገበያ ሰንጋው ቆሞ ሳለ የሚዳሰሰው ሻጩ ነበር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ የከተማው ነዋሪ በቀበሌ ተደራጀ። በተከታዩ ዓመት አዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» የተሰኘ ዓምድ ከፈተ። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች በብዕር ስም ይጽፉ ነበርና አንባቢው ከጽሑፉ ይልቅ «ይህ የማን ወገን ነው?» የሚለውን መገመት ሥራው አደረገ። ክርክሩ ከጋዜጣው ወጥቶ ወደ ቀበሌ አዳራሽ፣ ከአዳራሹም ወደ ጠጅ ቤት ገባ።

ጭብጡ ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ያለ ገደብ ዴሞክራሲያዊ መብትና ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ሲል፣ የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) ደግሞ ለወታደራዊው መንግሥት ሂሳዊ ድጋፍ እየሰጡ ሕዝቡን ማደራጀት ይሻላል፣ መብትም ለጭቁኑ እንጂ ለጠላት አይገባም ይል ነበር። ወታደር የሕዝብን አብዮት ሊመራ ይችላልን? ጠላትንስ ከወዳጅ የሚለየው ማን ነው? እነዚህ በማስረጃ፣ በትዕግሥት፣ ምናልባትም በብዙ ዓመት የሚፈቱ ጥያቄዎች ነበሩ።

መልሱ ግን በስም መጣ። አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አለው፤ ሌላው በፈንታው «አናርኪስት» ሲል መለሰ። «ባንዳ» የጣልያንን ወረራ ላየ ትውልድ ምን ዓይነት ቃል እንደ ነበረ ማስረዳት አያሻም፤ ቃሉ ክርክር አይደለም፣ ፍርድ ነው። ሁለትና ሁለት አራት ነው ያለው ሰው ባንዳ ቢሆን ድምሩ አምስት አይሆንም። ይህን እያንዳንዱ ተከራካሪ ያውቅ ነበር፤ ብዙዎቹ የተማሩ፣ አንዳንዶቹም በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሠለጠኑ ነበሩና።

የአስተሳሰብ ሕፀፅ ጥናት አዲስ አይደለም። አርስጣጣሊስ 13 ሕፀፆችን ሲዘረዝር 6ቱን ከቋንቋ የሚመነጩ አድርጎ መድቧቸዋል፤ ከእነዚህም የመጀመሪያው አንድን ቃል በሁለት ፍቺ መጠቀም ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ኅብር ይለዋል። በቅኔ ግን ኅብር ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው የተቀመጠ ሀብት ሲሆን፣ በሙግት ሰሚው እንዳያገኘው የተሸሸገ ወጥመድ ነው። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው ሐረግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መላውን የአገሩን ሰው ይሆንና፣ በሚቀጥለው የአንድ ድርጅት ተከታዮችን ብቻ ይሆናል። ሰምና ወርቅን የፈለሰፈ አገር እንዲህ ባለው ወጥመድ መያዙ ያስገርማል። ጥቅስም ነበር። ሁለቱም ወገን ሌኒንን ጠቅሶ ይረታል፤ ስለ ሩሲያ የተጻፈው ለኢትዮጵያ ገበሬ እንዴት እንደሚስማማ ለማስረዳት የደከመ ግን ጥቂት ነው።

በዚያን ጊዜ እንደ ፊውዳል ቅርስ የተጣለው የቀድሞው ሙግት ለዚህ ሁሉ ባይሆን ለከፊሉ መድኃኒት ነበረው። በበላ ልበልሃ ተሟጋቹ የተናገረውን ነገር በማር፣ በፈረስ ወይም በበቅሎ ውርርድ ያጸናዋል፤ ምስክር ካላጸናለት ውርርዱን ይከፍላል። ለባዶ ቃል ዋጋ ነበረው ማለት ነው። ፍርድ ሲሰጥም አስተያየት የሚጀመረው ከታችኛው ማዕርግ ነበር፤ ትንሹ የትልቁን ፊት አይቶ እንዳይናገር ትልቁ መጨረሻ ይናገራል። እርግጥ ያ ሥርዓት ንጹሕ አልነበረም። በቅሎ የሌለው በበቅሎ መወራረድ አይችልም፤ ተሟጋቹም ራሱን እያሞገሰ ባላጋራውን ያንኳስስ ነበር። ሆኖም ስድቡ ጌጥ እንጂ ማስረጃ አልነበረም፤ ዳኛው ስድቡን ሰምቶ ሲያበቃ ምስክር ይጠይቃል። በ1968ቱ መድረክ የጎደለው ስድብ አልነበረም፤ ምስክር የሚጠይቅ ዳኛ ነበር እንጂ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከብዕር እጅ ወጣ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሣሪያ ግድያ ተጀመረ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ከሰከሱ። «አናርኪስት» የሚለው ስም የአንድ አስተሳሰብ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ ሰው ከቤቱ የሚወሰድበት ማዘዣ ሆነ፤ ሰንጋ ተራን ጨምሮ በየሠፈሩ እናቶች የልጆቻቸውን ስም በዚያ ቃል ተተክቶ ሰሙት። አብዮቱን የደገፈ ወይም የተቃወመ ከሚለው በቀር ሌላ አቋም የለም የተባለበት ጊዜ ስለ ነበር፣ ዝም ያለም ከተቃዋሚ ተቆጠረ።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. መኢሶን ራሱ ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገባ። መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ታሰረ፣ በኋላም ተገደለ። ለመኢሶን አባላትም ወዲያው አዲስ ስም ተገኘላቸው፤ «ቀኝ መንገደኞች» ተባሉ።